ፕሪንተሩ በእኔ ስም የተበላሸ ጊዜ

ያላጠፋሁት ጥፋት በስሜ ተጽፎ፣ ቁጥር ወጥቶለትና ማኅተም ተመትቶበት ፋይሌ ውስጥ ገብቷል። ተመዝግቦ እንዲቀርልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ደብዳቤው «በቸልተኝነት የመሥሪያ ቤቱን ፕሪንተር ከአገልግሎት ውጭ ስላደረጉ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል» ይላል። ከመጻፉ በፊት አንድም ሰው ጠርቶ «ነገሩ እንዴት ነበር?» አላለኝም። ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ያንገበገበኝ ይኸው ነው፤ አለመጠየቄ።

የምሠራው ሚዛን አማን ውስጥ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ቢሮ ነው። ጠዋት ክፍሎቹን አጸዳለሁ። ቀን ደግሞ ተላላኪ ነኝ፤ ከፕሪንተሩ የሚወጣውን ወረቀት እየለየሁ ለየባለቤቱ አደርሳለሁ፣ ማኅተም የሚያስፈልገውን አስመታለሁ። ያደረስኩትን ሁሉ በማስረከቢያ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ምን ወረቀት እንደሆነ፣ በስንት ቀንና ሰዓት ከማን እንደወጣ፣ ማን እንደተቀበለ። የተቀበለው ሰው አጠገቡ ይፈርማል። ሳላስፈርም የሰጠሁት ወረቀት የለም። አንዳንዱ «እማማ፣ ለአንዲት ገጽ ደግሞ ፊርማ?» ይለኛል። «ለአንዲት ገጽ» እለዋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ሸዋ ቤንች ነው። አማርኛን ከገበያና ከመሠረተ ትምህርት ነው ያገኘሁት፤ ከዚያ የማታ ትምህርት ገብቼ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ስናገር አንዳንድ ቃል ላይ ቤንችኛዬ ብቅ ይላል፤ የሚስቅ ይስቃል። የተጻፈብኝን ግን ራሴ አነባለሁ።

የምኖረው አማን ነው፤ ሁለት የልጅ ልጆች አሳድጋለሁ። የቅጥር ውሌ በየዓመቱ ይታደሳል። ሲታደስ ፋይል ይታያል። ፋይሉ ውስጥ ማስጠንቀቂያ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚሆን የቀድሞው ዘበኛችን ሲሰናበት አይቻለሁ። እና ያች አንዲት ወረቀት ለእኔ ወረቀት ብቻ አልነበረችም። ውሌ ሊታደስ የቀረው ከሁለት ወር በታች ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ የቢሮውን ዕቃ ልንገራችሁ። ሰው የሚሠራባቸው ስምንት ኮምፒውተሮች አሉ። ስድስቱ ዊንዶውስ የሚሏቸው ጥቁር አሮጌዎች ናቸው። ሁለቱ ጀርባቸው ላይ የተገመጠ ፖም ያለባቸው ቀጫጭኖች ናቸው፤ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ለቢሮው ትቷቸው የሄደ ነው። አንዱ ፖም ሥራ አስኪያጁ ጋ፣ ሌላው የቡና ጥራት ባለሙያው ጋ ነው። ፕሪንተሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። የሚያወጣው ወረቀት ሁሉ በቀኝ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር አለበት። በዚያች መስመር የእኛን ወረቀት ከየትም አውቀዋለሁ።

ማንም ሰው ወረቀት ሲልክ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይሄድም። መዝገብ ቤት ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ሰርቨር ይሉታል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ዘላችሁ ሐኪሙ ክፍል አትገቡም፤ ካርድ ክፍል ትሰጣላችሁ፣ ካርድ ክፍል ወረፋ ያስይዛል፣ በተራችሁ ትገባላችሁ። ሰርቨሩ ካርድ ክፍሉ ነው። የሁሉንም ወረቀት ተቀብሎ በተራ ለፕሪንተሩ ያቀብላል። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የነገሩኝ «መዝገብ ቤት ያለውን አይንኩ» ብቻ ነው።

አይንኩ ይበሉ እንጂ መንካቱ የራሴ ሥራ ነበር። እኛ አገር ዝናቡ ከነድምፁ ነው የሚመጣው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መብረቅ ወርዶ የቢሮውን ቴሌቪዥንና ሁለት ኮምፒውተሮች አቃጠለ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰማዩ ሲያጉረመርም ማንኛውም ገመድ ከግድግዳ ይነቀል አለና በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ጠቆመ፤ «ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፣ እማማ።» በጽሑፍ አልሰጠኝም። እኔም ስጠኝ አላልኩም። ያ የእኔ ስህተት ነው፤ ዛሬም አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ሲጀምር ወልወያዬን ጥዬ እነቅላለሁ። አማን ውስጥ ይህን የማያደርግ ቤት ያለ አይመስለኝም። ሰማዩ አንዴ ጓ ሲል እናቶች ከየደጁ «ንቀሉ! ንቀሉ!» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ከሩቅ ለመጣ ሰው ጎደሬ የሚነቀል ይመስለዋል።

ፕሪንተሩ ባቆመበት ሳምንት፣ የቀይ ቡና ግዢ በተጀመረበት በመስከረም፣ ሥራ ልንወጣ ስንል ሰማዩ ከቴፒ በኩል ጠቆረና ማጉረምረም ጀመረ። እንደ ወትሮው ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ነቀልኩ። መዝገብ ቤት ገብቼ ሰርቨሩንም ነቀልኩ። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያችን ጋ ነው፤ ቆልፎ ሄደ። በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ የተነቀለውን መለስኩ። መጀመሪያ መግቢያው ላይ ያለችውን ራውተር የሚሏትን፣ ኢንተርኔቱን ለሁሉ የምታካፍለውን ትንሽ ሳጥን ሰካሁ። ቀጥሎ ክፍሎቹን። ሰርቨሩ ግን የተቆለፈበት ስለሆነ ባለሙያው ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ሲከፍት ነው የሰካሁት። እስከዚያ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ይዞ ገብቷል።

አራት ሰዓት ሲሆን የሽያጭ ክፍሏ ሴት ከበሯ ብቅ አለች።

«እማዬ፣ መሸኛው ወጣ?»

መሸኛ ማለት ቡና የጫነ መኪና ኬላ የሚያልፍበት ወረቀት ነው። ያለ መሸኛ መኪና አይንቀሳቀስም።

«ምንም አልወጣም ልጄ።»

«አሁን እኮ ነው የላክሁት። ልድገመው?»

«ድገሚው።»

ስድስት ጊዜ ደገመች። ፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ዝም። ሾፌሩ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ጃኬቱን ያራግፋል።

«ጫንኩ፣ ሸራ አለበስኩ፣ አሁን ደግሞ ዝናብ ስቆጥር ልዋል?» አለ።

«ቁጠርና ለሪፖርት ስጠን፤ ቢሮው ለሁሉም ነገር ሪፖርት ይፈልጋል» አለችው ሴትየዋ።

በመካከል ፕሪንተሩ ተንቀሳቀሰና ሦስት ገጽ ወረቀት አወጣ። ሮጣ መጣች። የቡና ጥራት ባለሙያው የቅምሻ ውጤት ነበር።

«የእሱ ሲወጣ የኔ ለምን ይቀራል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ሰው መምረጥ ጀምሯል እንግዲህ።»

ወረቀቱን ለጥራት ባለሙያው አደረስኩ፣ ፈረመ፣ ጻፍኩ።

መሸኛውን ወደ ፖሙ ኮምፒውተር ወስደው ሞከሩት። ቅጹ በድሮ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራም የተሠራ ስለነበር እዚያ ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆነ። ይህን ይዞ ኬላ የሚሄድ ሾፌር የለም። በመጨረሻ ፍላሽ ሰጡኝና በዚያ ዝናብ ቢሮው ካለበት ከአማን ተነስቼ የከተማው ሌላ ክፍል ወደሆነው ሚዛን ማተሚያ ቤት ድረስ ወጣሁ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከደረቴ ሥር ይዤው ተመለስኩ። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደ። ማተሚያ ቤት ደርሳ የመጣችው አሮጊት ማስጠንቀቂያ ይጠብቃታል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

በማግስቱ የኮምፒውተር ባለሙያችን እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። ክፉ ሰው አይደለም። ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ስምንት ኮምፒውተርና የሁሉም ሰው ጥያቄ ያለው በእሱ አንድ ራስ ላይ ነው።

«ድራይቨሩ ነው» አለ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በኮምፒውተሩና በፕሪንተሩ መካከል የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ እማማ። ኮምፒውተሩ የሚለውን ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ ይነግርለታል።»

ይህ ገባኝ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ድራይቨር ሆኛለሁ። ከሸኮ የመጣ ገበሬ፣ ከካፋ የመጣ ነጋዴ፣ ቤንችኛ ብቻ የምትናገር አክስቴ ገበያ ላይ ሲገናኙ በመካከል ቆሜ አግባብቻለሁ። አስተርጓሚ ከተሳሳተ የሚጣሉት ሻጭና ገዢ ናቸው፤ እሱ ቆሞ ያያል።

ባለሙያው ከስድስቱ ኮምፒውተሮች አሮጌውን ድራይቨር አጠፋና ሌላ ጫነ። የፕሪንተሩን ትክክለኛ ስላላገኘ የቅርብ ዘመዱን ነበር የጫነው። ከዚያ አንዱን ኮምፒውተር ተሸክሞ ኮሪደሩ ላይ አመጣና በገመድ ከፕሪንተሩ ጋር በቀጥታ አገናኘው። ፕሪንተሩ ተነሳ። አንድ ገጽ አወጣ፤ ከላይ አንድ መስመር የማይነበብ ምልክት፣ የቀረው ባዶ። ሌላ ገጽ፤ እንደዚያው። ሌላ። ማቆም አቃተው። እኔ ወረቀት እለቅማለሁ፣ እሱ ቁልፍ ይጫናል።

«ንቀይው!» አለች የሽያጭ ክፍሏ ሴት ከኋላ።

«እኔ አልነቅልም። ነጎድጓድ የለም» አልኩ።

ራሱ ነቀለው። ከወለሉ ላይ ክንድ ሙሉ ወረቀት አነሳሁ። ባለሙያው ግንባሩን ጠረገና ማሽኑ ውስጡ ተቃጥሏል፣ የተቃጠለውም ሲነቀልና ሲሰካ ነው አለ።

«አንተ ልጅ፣ የጥራት ባለሙያው ትናንት አትሟል እኮ።»

«እሱ ቀደም ብሎ የተላከ ይሆናል።»

«አይደለም። እኔ ነኝ ያደረስኩት። ሰዓቱ ተጽፏል።»

«እማማ፣ እርስዎ ይህን ለእኔ ይተዉት።»

ተውኩት። መተው አልነበረብኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ ፕሪንተሩ አንድ ወረቀት አወጣ። ተቃጠለ የተባለው፣ ባለሙያው ገመዱን እንደነበረው መልሶ የተወው ፕሪንተር ማለቴ ነው። አነሳሁት፤ ለማን እንደሆነ ለማየት ከላይ አነበብኩ። ስሜ ነው። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከአገልግሎት ውጭ ስላደረጉ ይላል። በቀኝ ጠርዙ ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል።

እንደማንኛውም ወረቀት ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዤው ገባሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ እያልኩ ብጽፍ አይቀየመኝም።

«አነበቡት?» አለ። ትንሽ አፈረ።

«አነበብኩት። ይህ ወረቀት በየትኛው ፕሪንተር ነው የታተመው?»

«በዚሁ በውጭው ነው፤ ለምን?»

«ተበላሸ ብለው የጻፉት በየትኛው ነው?»

ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ። የእሱ ኮምፒውተር ፖሙ ነው፤ የላከው ሁሉ ይወጣለታል። ፕሪንተሩ አጠገብም አይመጣም፤ ወረቀቱ በእኔ እጅ ጠረጴዛው ላይ ይደርስለታል። ስለዚህ ይህን ነገር አስቦት አያውቅም።

«አልፎ አልፎ ይሠራ ይሆናል፣ እማማ። የባለሙያው ሪፖርት አለ። በእሱ ላይ ተመሥርቼ ነው።»

«የእኔስ?»

«የእርስዎ ምን?»

«የእኔ ቃል። እሱን ጠይቀሃል፣ እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?» አንቱታውን የረሳሁት እዚያ ላይ ነው።

ማኅተም መታበት። ደርሶኛል ብዬ እንድፈርም ሰጠኝ። ፈረምኩ፤ ከፊርማዬ ሥር ግን በእጄ ጽሑፍ «ሳልጠየቅ የተጻፈ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። በማስረከቢያ ደብተሬም መዘገብኩት፤ ከሥራ አስኪያጁ የወጣ፣ ለእኔ የተሰጠ፣ አንድ ገጽ። በሁለቱም ቦታ እኔው ነኝ የፈረምኩት።

ቅዳሜና እሑድ አንድ ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው ጨረስኩት። እሑድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ አንዲት ጎረቤቴ «ዝም ብትዪስ? ጡረታ በደረሰ ዕድሜ ከአለቃ ጋር» አለችኝ። ዝም ብል በፋይሉ ውስጥ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው አልኳት። ሰኞ አቤቱታውን ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቼ አስፈረምኩት። ሁለት ነገር ነው የጠየቅሁት፤ ፕሪንተሩ ለምን እንዳቆመ በሚገባ ይጣራ፣ ጥፋተኛ ካልሆንኩ ያ ደብዳቤ በደብዳቤ ይሻር።

በማግስቱም ሌላ መኪና ሊጫን ስለነበር የፕሪንተሩ ማቆም እነሱንም ጨንቋቸዋል። ቴፒ ካለው ቅርንጫፋችን የኮምፒውተር ባለሙያ ጠሩ። በጠዋቱ ሚኒባስ መጣች፤ ወደ አርባ የሚጠጋት ሴት፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ። በር ላይ ቆማ ስትጠርግ «ወለሉ የማን ነው? እንዳልጣላ» አለች። «የእኔ ነው፤ ግቢ» አልኳት።

ፕሪንተሩን አልነካችም። መጀመሪያ ያደረገችው መጠየቅ ነው። «መቼ መቼ ነው እምቢ የሚለው? ሁሉም ላይ ነው ወይስ አንዳንዱ ላይ?» አለች። ባለሙያችን ስለ ድራይቨሩ ጀመረ፣ የሽያጭ ክፍሏ ሴት ስለ መሸኛው ጀመረች። ሁለቱም ቀኑን በትክክል አያውቁም።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ።

ዞር አለች። «ይንገሩኛ፣ እማማ።»

ደብተሬን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ታነባለች። ካቆመበት ቀን ጀምሮ ከስድስቱ ኮምፒውተሮች የወጣ አንድም ወረቀት የለም። ከሥራ አስኪያጁና ከጥራት ባለሙያው የወጣ ግን በየቀኑ አለ፤ የእኔ ማስጠንቀቂያ ጭምር። ያን ስታነብ ቀና ብላ አየችኝና ማንበቧን ቀጠለች።

«ከዚህ በፊትስ ሆኖ ያውቃል?»

ወደ ኋላ ገለጥኩላት። በነሐሴ ወንድሜ አርፎ ሸዋ ቤንች ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሦስት ቀን ደብተሩን የያዘው ዘበኛው ነው። በእነዚያ ቀናትም ከፖሞቹ በቀር የወጣ የለም።

«ያኔ ማን ነቀለ?» አለች።

«መብራት ነው የጠፋው» አለ ባለሙያችን። «እኔ ሁሉንም አጥፍቼ ሳበራው ተስተካከለ።»

«እና እማማ ለቅሶ ላይ ሆነው ከሸዋ ቤንች ነው ያበላሹት?»

የሽያጭ ክፍሏ ሴት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ አሳዘነኝ።

መዝገብ ቤት ገብታ የሰርቨሩን ጨርቅ ገለጠች። እየሠራች ታስረዳኝ ነበር፤ ማንም እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም። ያች ራውተር የምትባለው ሳጥን ለገባው ዕቃ ሁሉ ቁጥር ትሰጣለች፤ ለኮምፒውተሩም፣ ለስልኩም። መብራት ሲቋረጥባት ማን ምን ቁጥር እንደያዘ ትረሳለች። ስትነሳ ለመጣው ሁሉ እንደገና ታድላለች። ስድስቱ ጥቁሮች ሰርቨሩን የሚፈልጉት በቁጥሩ ነው፤ ሰባት ቁጥር ብለው ይዘዋል። ፖሞቹ ግን በስሙ ነው የሚጣሩት፤ ቁጥሩ ቢቀየር ግድ የላቸውም።

«እንደ እኛ ሰፈር ነው» አልኳት። «በቤት ቁጥር ሰው የሚፈልግ የለም። የእገሌ እናት የት ናት ብለሽ ነው የምትደርሺው።»

«ልክ እንደሱ። አሁን ሰርቨሩ የት ገባ መሰለዎት? ሃያ ሦስት ቁጥር ላይ።»

«ሰባትስ ላይ ማን አለ?»

ስክሪኗን አየች። «ሰው ገብቶበታል። ስልክ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ሁሉም በየተራ የስልኩን ዋይፋይ እንዲያጠፋ አዘዘች። ባለሙያችን አጠፋ፤ ሰባት ቁጥር አለ። የሽያጭ ክፍሏ ሴት አጠፋች፤ አለ። የጥራት ባለሙያው፣ ዘበኛው፣ ሁሉም። አለ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ወጣ። ፕሪንተሩ ባቆመበት ሳምንት የገዛው አዲስ ስልክ እጁ ላይ ነው።

«የእኔ ስልክ ከፕሪንተር ጋር ምን አገናኘው?»

«ለማንኛውም ያጥፉት እስቲ።»

አጠፋ። ሰባት ቁጥር ጠፋ።

«ተገኘ!» አለች። «ይህን ሁሉ ቀን መሸኛው ሲላክ የነበረው ወደ እርስዎ ኪስ ነው።»

ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ። የጥራት ባለሙያው «ጌታዬ፣ እስቲ ኪስዎን ይፈትሹት፣ መኪና እየጠበቀ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሳቀ። ቢሆንም ስልኩም ጥፋት የለበትም። ሰርቨሩ ተቆልፎበት ሳይነሳ ሲቀር ቀድሞ የደረሰው ያን ቁጥር ወሰደ፤ ይኸው ነው።

የቴፒዋ ሴት ሰባት ቁጥርን ለሰርቨሩ ብቻ አሰረችው፤ ራውተሯ ሺህ ጊዜ ብትነቀል ለሌላ እንዳትሰጥ። ቀጥላ ከስድስቱ ኮምፒውተሮች የተሳሳተውን ድራይቨር አውጥታ ትክክለኛውን ከራሷ ዲስክ ጫነች። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መሸኛ ወጣ፤ አማርኛው አማርኛ ሆኖ። ምንም የተቃጠለ ነገር አልነበረም።

እውነቱን ልናገር። እጄ አለበት። ራውተሯን ያስነሳሁት ከሰርቨሩ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉን የነገረኝ ሰው ግን የለም፣ ቁልፉም እኔ ጋ አልነበረም፣ መንቀሉም የታዘዝኩት ሥራ ነው። ይህን ለቴፒዋ ሴት ስነግራት «እማማ፣ ቢነቅሉም ባይነቅሉም መብራቱ ራሱ ይነቅላል» አለችኝ። ይህንኑ በሪፖርቷ ጻፈችው። ሪፖርቱን ለሥራ አስኪያጁ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ፈረመ።

በማግስቱ ጠራኝ።

«እማማ፣ ነገሩ በሰላም አልፏል። ያ ማስጠንቀቂያ በይቅርታ ታልፏል ብዬ እጽፍልዎታለሁ።»

«ምን አድርጌ ነው ይቅር የሚሉኝ?»

«ያው፣ ነገሩን ለመዝጋት የሚጻፍ ቃል ነው።»

«ይቅርታ ላጠፋ ሰው ነው። ነገ ፋይሌን የሚያይ ሰው አጥፍታ ማሯት ነው የሚለው።»

«እሺ፣ እቀደዋለሁ። በቃ?»

«እንዳይቀድዱት። ቁጥር አለው። ቢቀደድ ደግሞ አንድ ደብዳቤ ነበረባት፣ ደበቁላት ይባላል። በደብዳቤ ነው የከሰሱኝ፣ በደብዳቤ ይመልሱልኝ።»

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። «እንግዲያው ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ልጅ ነው። ማስጠንቀቂያውን ለእሱ አዞረዋለሁ።»

«ጠይቀውታል?»

ሪፖርቱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«እሱንም ሳይጠይቁ እንዳይጽፉበት። እኔ ላይ የተሠራው በእሱም ላይ ሲሠራ ቆሜ አላይም።»

«እማማ፣ እርስዎ ከማን ወገን ነዎት?» አለ እየሳቀ።

«ካልተጠየቀው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን መልስ የለም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ በሥራ አስኪያጁ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር እቀመጥ ነበር። አልናገርም፤ ምሳዬን እበላለሁ። ሲወጣ «ዛሬም?» ይለኛል። «ዛሬም» እለዋለሁ። አንድ ቀን በዚያው ወንበር የኮምፒውተር ባለሙያችን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ሳልጠይቅዎት ነው የጻፍኩት። ደንግጬ ነበር። መኪናው ቆሞ ሁሉም በእኔ ላይ ሲጮህ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።»

«ይህን ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ይጠቅመኛል? ለእሱ ንገረው። በጽሑፍ።»

«ያባርረኛል።»

«አያባርርህም። ካባረረህ እዚህ ወንበር ላይ ሁለት እንሆናለን።»

ሳቀ። ጎደሬ አካፈልኩት፤ በላ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ሪፖርቱ ሳይጣራ የቀረበ እንደነበር ራሱ ጽፎ ሰጠ። አልተባረረም።

የቅጥር ውል የሚታደስበት ሳምንት ገባ። ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፍቶ በስሜ ጠራኝ። ተቀመጡ አለኝ፤ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ሳይሰጠኝ በፊት ራሱ ያነብልኝ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ዝቅ ሲል «ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ያኛውን ሁሉም ሰምቶታል» አልኩት። በሩ ክፍት ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው፣ ኮሪደሩ በሚሰማው ድምፅ አነበበው፦

«የተሰጠዎት ማስጠንቀቂያ ጉዳዩ ሳይጣራና እርስዎም ሳይጠየቁ የተጻፈ ነበር። ገመዱን ሲነቅሉ የነበረው በመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ነው። ፕሪንተሩም አልተበላሸም። ጥፋት ስላልተገኘብዎት ማስጠንቀቂያው ተሽሯል።»